ምዕራፍ ሰባት፦ ዝናብ በዶራሌ

የሚከተለው ምንባብ የጉዞ ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ድምፃችሁን ሳታሰሙ አንብቡት። በምታነቡበትም ጊዜ ጸሐፊው ስለ ውሃ የሚናገርባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ እለፉ። ከምንባቡ በኋላ ለሚቀርቡት ጥያቄዎች ምልክቶቹ ይጠቅሟችኋል።

ምንባብ

ከድሬዳዋ ስነሣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበረ። ወሩ ኅዳር ነው፤ በደጋው አገር እህል የሚታጨድበት፣ ዝናብም የማይታሰብበት ወቅት። አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቶ የነበረው ጓደኛዬ እናቱ ስለ ታመሙበት በመጨረሻው ሳምንት ቀረ። ብቻዬን መሄዱ ቢከብደኝም፣ የይለፍ ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ፣ የሥራ ፈቃዴም ተገኝቶ ስለ ነበረ መተዉን አልወደድሁም። በብስክሌቴ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት የውሃ ጀሪካን፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና በሶ ጭኜ ማለዳ መንገድ ጀመርሁ። ለራሴም አንድ ቃል ገባሁ፤ እስከ ባሕሩ ድረስ በማንም መኪና ላልሳፈር።

ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ከተማ በአስፋልቱ መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ወዳጆቼ «ቁልቁለት ነው፣ ብስክሌቱ ራሱ ይወስድሃል» ብለው ነበር። ነፋሱን ግን አላሰቡትም። ሽኒሌን አልፌ ሜዳው ላይ ስወጣ ከባሕር በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ተቀበለኝ። ቁልቁለቱንም እንደ ዳገት እየረገጥሁ ወረድሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት በአዲጋላ አደርሁ። አዲጋላ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያዎች አንዱ የነበረ ትንሽ ከተማ ነው። ሲነጋ ጀሪካኖቼን ሞላሁ። ውሃው ጥሩ ነበረ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳው ላይ በአጥር የተከለሉ ጉድጓዶችን አየሁ፤ ነገር ግን የምን እንደ ሆኑ ማንንም ሳልጠይቅ አለፍሁ። በሁለተኛው ቀን አይሻን አልፌ፣ ነፋስ እያዞራቸው የሚያጉረመርሙትን የመብራት ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ከሩቅ እያየሁ፣ ማምሻውን ደወሌ ደረስሁ። ደወሌ የጠረፍ ከተማ ናት። እዚያ ሳለሁ የመጀመሪያው ጠብታ በእጄ ላይ ወደቀ።

ደገኛ ነኝና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ ነገር ይመስለኝ ነበር። በጅቡቲ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ክረምት ስንገባ በዚያ አገር ኃይለኛ ሙቀትና አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ይነግሣል፤ የምታገኛትን ጥቂት ዝናብ የምታገኘው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ነው። በዓመት የሚወርደው ሁሉ ተደምሮ በአብዛኛው 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ታገኛለች። ሆኖም ያቺ ጥቂት ዝናብ በየቀኑ ተከፋፍላ አትወርድም፤ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ትወርዳለች። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ እንዲህ ያለ ዝናብ ጥሎ ብዙ ቤቶች በጎርፍ ተጥለቅልቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠረፉን ተሻግሬ አሊ ሳቢህ ስገባ ልብሴ ውሃ ጨምቆ ነበር። በአራተኛው ቀን ግራን ባራ ከሚባለው ሜዳ ደረስሁ። ትርጉሙ «ትልቁ ባራ» ማለት ነው። በጥንት ዘመን የሐይቅ ወለል የነበረ፣ ጠረጴዛ የመሰለ የሸክላ አፈር ሜዳ ነው። በደረቅ ጊዜ ምድሩ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ያን ዕለት ግን ውሃ ተኝቶበት ጥንታዊው ሐይቅ ተመልሶ የመጣ ይመስል ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ወጣ ባልሁ ቁጥር ጭቃው ሰንሰለቱንና ፍሬኑን ይይዛል። ወርጄ በእንጨት እፍቃለሁ፤ ጥቂት እሄዳለሁ፤ እንደገና እፍቃለሁ። የጭነት መኪኖች እያለፉ ውሃ ይረጩኛል። ሦስት ሾፌሮች ቆመው «ና ውጣ» አሉኝ፤ ሦስቱንም አመስግኜ እምቢ አልሁ። አሁን ሳስበው ሦስተኛውን እምቢ ያልሁት በብርታት ሳይሆን በእልህ ነው።

ሌሊቱን በዌአ በአንዲት ሻይ ቤት ጣራ ሥር አሳልፌ በአምስተኛው ቀን ወደ ከተማው ተጠጋሁ። በዚህ መንገድ የብዙ ቦታዎች ስም ቁጥር ነው፤ ፔካ 20፣ ፔካ 12 ይባላሉ። በፈረንሳይኛ ከከተማው መካከል ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር የሚገልጽ አጠራር ነው። ለደከመው መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ስም የለም፤ እያንዳንዱ መንደር ስንት እንደ ቀረው ይነግረዋልና። በፔካ 12 አካባቢ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ዋናው መንገድ በባልባላ በኩል ወደ ከተማው ሲወርድ፣ መኪኖቹ ወደ ግራ ታጥፈው ወደ ዶራሌ ወደብ ይሄዳሉ። እኔም ተከትያቸው ታጠፍሁ። ማየት የፈለግሁት አስቀድሞ ባሕሩን ነበረና።

ጥቂት እንደ ሄድሁ መኪኖቹ ቆመው አገኘኋቸው። ከፊታቸው ያለው ደረቅ ወንዝ ሞልቷል። ደረቅ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚቆይ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ የአሸዋና የድንጋይ መውረጃ ነው። የጅቡቲ ተራሮች እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ጥቋቁር አለቶች ናቸው፤ ውሃ የሚጠጣ አፈርና ውሃ የሚያዘገይ ዛፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዝናቡ እንደ ወረደ ከጣራ ላይ እንደሚወርድ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ መውረጃው ይሰበሰባል። መንገዱን የዘጋው ውሃ ስፋቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። ከወዲያ ማዶ፣ ከዝናቡ በስተጀርባ፣ የወደቡ ክሬኖች ጫፍ ይታየኛል። አምስት ቀን የለፋሁለት ነገር ሠላሳ እርምጃ ቀረው።

ሱሪዬን ሰብስቤ ብስክሌቴን በትከሻዬ አነሣሁና ገባሁ። ውሃው ቅልጥሜን አልፎ ነበር።

«አንተ ልጅ! ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ፀጉራቸው የሸበተ ሾፌር ከመኪናቸው ወርደው ዳሩ ላይ ቆመዋል።

«ጥልቅ አይደለም፣ ጋሼ። ጉልበት እንኳ አይደርስም።»

«አሁን አይደርስም። ድምፁን አትሰማም?»

«የምን ድምፅ?»

«የድንጋዩን ነዋ!»

ጸጥ ብዬ አዳመጥሁ። ከላይ በኩል የጅምላ ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነውና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ በተኙበት የወሰዳቸውን ከ200 በላይ ሰዎች የማያስታውስ የድሬዳዋ ሰው የለም። ተመልሼ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ቀለሙ ጠቆረ፤ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ላይ አንድ ባዶ የብረት በርሜል እያንከባለለ አለፈ። በርሜሉ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ከመታጠፊያው ሲደርስ ከዓይኔ ተሰወረ።

ሾፌሩ ምንም አልተናገሩኝም። የመኪናቸውን በር ከፍተው «ግባ» አሉኝ፤ እኔም ገባሁ። ቃሌን እንደ ጠበቅሁ ልቁጠረው፤ መኪናው ቆሞ ነበርና።

በመኪናው ውስጥ በትንሽ ምድጃ ሻይ አፈሉ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። ጭነት ፈጥኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ተራ ሲጠብቁ ቀኑ ወደ ሳምንት፣ ሳምንቱም ወደ ሳምንታት የሚሄድበት ጊዜም አለ። «ትንሿ ልጄ ቆማ የሄደችው እኔ እዚህ ፔካ 12 ተራ ስጠብቅ ነው» አሉኝ። «እናቷ በስልክ አሳየችኝ።» ያን ጊዜ ይጠብቁ የነበረው ማዳበሪያ ነበረ። ጎጃም ያለው አባቴ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ «ማዳበሪያው ደረሰ ወይ?» እያሉ ወደ ቀበሌ ይመላለሳሉ። ማዳበሪያው የሚመጣው ከየት እንደ ሆነ እኔም ሆንሁ አባቴ በውል አስበነው አናውቅም ነበር። ሻዬን እየጠጣሁ ስለ አባቴ ነገርኋቸው። «እንግዲያው አባትህ የሚጠብቁት እኔን ነው፤ እኔ የምጠብቀው መርከቡን» ብለው ሣቁ።

ውሃው እንደ መጣ ሁሉ ፈጥኖ ጎደለ። መኪኖቹ ሞተራቸውን ሲያስነሡ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ጭቃውን ተሻገርሁ። ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዶራሌ ደረስሁ። ሰማያዊ ባሕር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጎርፉ ያደፈረሰው ቡናማ ባሕር ነው። የአገሬ መንገድ ሁሉ የሚያልቅበት ቦታ ይህ ነው እንግዲህ ብዬ ቆሜ አየሁት። እልል የሚልልኝ ሰው አልነበረም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወደ አጥሩ እንዳልጠጋና ፎቶ ግራፍ እንዳላነሣ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኝ ሥፍራ ነው። አሮጌው ወደብ በከተማው ውስጥ ሆኖ ስለ ጠበበ፣ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ የነዳጅ ማራገፊያ፣ በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ወደብ፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ልዩ ጭነት የሚራገፍበት ሰፊ ወደብ ተከፈተበት። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የባሕር በሯን ካጣች በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል በአሰብ ስትጠቀም ቆይታ፣ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ንግዷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንዴው፣ ብረቱ፣ ነዳጁና ማዳበሪያው በአብዛኛው የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ክሬኖቹ ከመርከብ ሆድ ሲያወጡ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

በማግሥቱ ከተማውን ለማየት ወጣሁ። ዝናቡ አቁሟል። በመንገዱ ላይ ሰዎች ከቤታቸው ውሃ በባልዲ እየቀዱ ያፈሳሉ፤ ልጆች በኩሬው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ያደርሁባት ቤት ባለቤት የድሬዳዋ ተወላጅ ናቸው። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ዝናብ ካለ የውሃ ችግር የለባችሁማ» አልኋቸው። ቧንቧውን ከፍተው አንድ ብርጭቆ ሰጡኝ። «ያ የትናንቱ ባሕር ገብቷል፤ ይህ የምትጠጣው ከአዲጋላ የመጣ ነው» አሉኝ። አዲጋላ! በአጥር የተከለሉት ጉድጓዶች በዓይኔ መጡ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዚያ ሜዳ በታች የሚቀዳው ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ጠረፍ ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ ይደርሳል። የቧንቧው መሥመር ሲታቀድ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነበረ። እኔ አምስት ቀን ሙሉ በብስክሌት ስወርድ ውሃውም አብሮኝ ሲወርድ ኖሯል። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይሄዳል። ማዳበሪያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃውና መብራቱ ወደ ታች ይወርዳል።

ከተማዋ ያረጀች አይደለችም። ፈረንሳዮች የቆረቆሯት በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከዚህ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋን የወለዳት ይኸው ሐዲድ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ከተሞች እኅትማማች ናቸው ብል አልተሳሳትሁም። በከተማው መካከል ነጫጭ ቅስት ያላቸው ቤቶች የከበቡት አደባባይ አለ። ቀድሞ «የምኒልክ አደባባይ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ስሙ ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችበት ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መታሰቢያ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እስካሁን ምኒልክ ይሉታል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናሬት ከገበያው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

በገበያው ውስጥ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል። አማርኛም አይጠፋም። አንዲት ነጋዴ በሶማሊኛ ስትከራከር ቆይታ ወደ እኔ ዞራ በጥሩ አማርኛ «ወንድሜ፣ ብስክሌትህን ከመንገዱ አንሣልኝ» አለችኝ። ጠዋት እንጀራ የሚመስል ላሆህ ከማር ጋር በላሁ። ምሳዬን በየመኖች ቤት በምድጃ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር አዘዝሁ፤ ዓሣው በርበሬ ተቀብቶ ለሁለት ተሰንጥቆ ይቀርባል። ከቀትር በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ በድንገት መንቀሳቀስ ጀመረ። ጫቱ ደርሶ ነበር። እርሱም የሚመጣው ከእኛው አገር ነው፤ ይህን እንኳ እንደ ውሃው በኩራት ልጽፈው አልቻልሁም።

በሦስተኛው ቀን ብስክሌቴን ለእኒያ ሾፌር አደራ ሰጥቼ እኔ በባቡር ተመለስሁ። አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ውጭ ናጋድ ከተባለ ጣቢያ ነው። አምስት ቀን የረገጥሁትን መንገድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በመስኮት አየሁት። ግራን ባራ ደርቋል።

ብስክሌቴ ድሬዳዋ የደረሰው በዐሥራ አራተኛው ቀን ነው። ሾፌሩ ያን ያህል ጊዜ ተራ ጠብቀው ኖረዋል። መሪውና ወንበሩ ነጭ ዱቄት ለብሰው ነበር። በጣቴ ነካ አድርጌ አየሁት፤ ማዳበሪያ ነው።

የቃላት ጥናት

ሀ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጋት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ። ቀጥሎም እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።

1. ተገላቢጦሽ
2. በእልህ
3. አደፈረሰ
4. ተራ መጠበቅ
5. አደራ ሰጠ
6. ቆረቆረ

ለ. «ብስክሌት» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። በአዲስ አበባ «ለገሃር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው «ባቡር ጣቢያ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ፈረንሳይኛ ቃላት ከምድር ባቡር ሥራ ጋር ወደ አገራችን ለምን እንደ ገቡ ከምንባቡ በመነሣት አስረዱ። ከውጭ ቋንቋ የተወረሱ ሌሎች አራት ቃላትም ፈልጉ።

አንብቦ የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው በአዲጋላ ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ የተረዳው መቼና በማን አማካይነት ነው?
2. የጅቡቲ ደረቅ ወንዞች ፈጥነው የሚሞሉት ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ጥቀሱ።
3. ሾፌሩ «አባትህ የሚጠብቁት እኔን ነው፤ እኔ የምጠብቀው መርከቡን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
4. ጸሐፊው ወደ መኪናው ሲገባ ቃሉን አፍርሷል ትላላችሁ ወይስ ጠብቋል? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።
5. ጸሐፊው ስለ ውሃው የተሰማውን ስሜት ስለ ጫቱ ያልተሰማው ለምን ይመስላችኋል?

የድርሰት መልመጃ

በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ነገሮች አንዱን፣ ጨው ወይም ስኳር፣ ቆርቆሮ ወይም ደብተር ምረጡ። ከየት ተነሥቶ፣ በእነማን እጅ አልፎ እናንተ ዘንድ እንደ ደረሰ ነጋዴዎችን፣ ሾፌሮችንና ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያገኛችሁትንም ከአንድ ገጽ ባልበለጠ የጉዞ ማስታወሻ መልክ ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ አንብቡ።